የለካነው እጅ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ተናድጃለሁ። ንዴቴ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ይህን ታሪክ ማንም አይሰማውም ነበር። ሰፈር ውስጥ «ክብሪት» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። ቦግ እላለሁ፣ እጠፋለሁ፣ ከዚያ ራሴው ይቅርታ ጠይቄ እስቃለሁ። የዚህኛው ነገር ግን ይኸው ሳምንታት አልፈውትም ጨጓራዬን እየላጠው ነው።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ሆነን አንድ የበጎ ፈቃድ ቡድን አቋቋምን። ሐሳቡ ቀላል ነው። እነሱ ስለ አንጎል ያውቃሉ፣ ሲያስረዱ ግን ሰው ያስተኛሉ። እኛ መሳልና መቅረጽ እንችላለን፣ ስለ አንጎል የምናውቀው ግን ራሳችንን ሲያመን ብቻ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ አዳራሽ እየዞርን ልጆቹን በጭቃ አንጎል እናስቀርጻለን። የላስቲክ የዋና ቆብ ራሳቸው ላይ አጥልቀን ማየት በየት፣ መስማት በየት፣ እጅን ማዘዝ በየት በኩል እንደሆነ በቀለም እንስልላቸዋለን። አዋቂዎቹን ደግሞ በቀኝም በግራም እጃቸው እናስጽፋቸዋለን፣ እናስላቸዋለን፣ ከዚያ እጅና አንጎል እንዴት እንደሚነጋገሩ እናሳያቸዋለን። ደስ የሚል ሥራ ነው። እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር።

መሪያችን የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። «ፕሮፌሰር» እንለዋለን። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ በኋላ እሱ ራሱ አመነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ! ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድር፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ ማስመሪያና እርሳስ ከኪሱ የማይለየው ልጅ ነው። የሚያየውን ነገር ሁሉ ይለካል። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ሲለካ ይዤዋለሁ።

አባቴ ደግሞ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነው። በየሱቁ በር፣ በየግድግዳው፣ በየጭነት መኪናው ጎን የሚጽፈው እሱ ነው። «ፋርማሲ»ም የእሱ ነው፣ «ልብስ ስፌት»ም የእሱ ነው፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»ም የእሱ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቀለም» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስመር ሳያሰምር፣ መሰላሉ ላይ ቆሞ በእጁ ግምት ብቻ ሲጽፍ ኖሯል። ፊደሎቹ እግራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ቀና ይላሉ። እኛ ሰፈር ማንበብ የተማረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ያነበበው የአባቴን እጅ ነው።

እንግዲህ የቡድኑ ተራ ደርሶ ወደ እኛ ሰፈር አዳራሽ መጣን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠን። «የፈለጋችሁትን ጻፉ» አልናቸው። ከሥር ስማቸውን ጻፉ፣ ወረቀቱ ያለ ስም ለትምህርት ቢውል እንደሚስማሙም ፈረሙ። ስሙን በመቀስ ቆርጦ በምትኩ ቁጥር መስጠት የኔ ሥራ ነበር። የሰው ገመና እንዳይወጣ ነው እንግዲህ! በዚህ ጥንቃቄያችን ስንኮራ ብታዩን! አርባ ወረቀት ሰብስቤ፣ አርባ ስም ቆርጬ፣ አርባ ቁጥር ጻፍኩ። አንዱንም አላነበብኩም። ጭቃው ሳይደርቅ ልጆቹ ጋ መድረስ ነበረብኝ።

አባቴም መጥቶ ነበር። ሳየው ገረመኝ፣ ስብሰባ ሲባል የሚሸሽ ሰው ነውና። ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ቀኑ ነው። እኔን ሊያይ የመጣ መስሎኝ ልቤ በደስታ አበጠ። አንገቱን ደፍቶ ለረጅም ጊዜ ሲጽፍ አየሁት። ወረቀቱን ሲሰጠኝ «አደራ፣ እንዳይጠፋ» አለኝ። «ኧረ አባዬ፣ ደግሞ ወረቀት ይጠፋል?» አልኩና ከሌሎቹ ጋር ደርቤ ሄድኩ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ነበር። አባቴ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ጭቃ ውስጥ እስከ ክርኔ ተነክሬ ከልጆቹ ጋር አንጎል እጠፈጥፋለሁ።

«ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» አለ ፕሮፌሰር በማይክ። ግድግዳው ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ወጡ። በግራ «እጄ» ይላል፣ በቀኝ «ንገሩኝ» ይላል። የግራው ትልቅና ደንዳና ነው። የቀኙ የጉንዳን ሰልፍ ያህላል።

«አንድ ሰው እዚያው ወረቀት ላይ የጻፋቸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል ናቸው። ምን ታያላችሁ?»

«እያነሰ ሄደ!» አሉ ከፊት የተቀመጡ ሴቶች።

«ጎበዞች! አንጎላችን ውስጥ፣ መሃሉ ላይ፣ እንቅስቃሴያችንን የሚመጥኑልን ሕዋሳት አሉ። እነሱ መሞት ሲጀምሩ...» አለና ጀመረው። እጅ ይንቀጠቀጣል አለ። እርምጃ ያጥራል አለ። ፊት ይደርቃል፣ ሰውየው ሳይቆጣ የተቆጣ ይመስላል አለ። ውሎ አድሮ ሰው ካልደገፈው ከወንበር መነሳት ሊያቅተው ይችላል አለ። «ፓርኪንሰን ይባላል። የእጅ ጽሑፍ ማነስ ከመጀመሪያ ምልክቶቹ አንዱ ነው።» ፈተና ላይ ያጠናው ጥያቄ እንደመጣለት ተማሪ አፉ ላይ እየጣፈጠው ነበር የሚናገረው።

እኔ ቀና ያልኩት አዳራሹ ጸጥ ሲል ነው። ያን ያህል ሰው ባንዴ ዝም ሲል ደግ ነገር የለውም። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ግድግዳውን ትክ ብሎ እያየ ነበር። «ይሄ እኮ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እኮ የኔ በር ላይ ‹እንኳን ደህና መጡ› የሚለው ‹እ› ነው።»

ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ግን ሁሉም ሰማው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ቀጥሎ ፋርማሲስቱ ዞረ። ከዚያ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ከዚያ አንገት ያለው ሁሉ ዞረ። በዚያ ሰፈር የአባቴን ጽሑፍ ያለ ስም ማሳየት ማለት የሰውየውን ፎቶ አንጠልጥሎ «ማን እንደሆነ አንናገርም» ማለት ነው! ይህን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሰው መሆን ይበቃል። ፕሮፌሰር ግን የሌላ ሰፈር ልጅ ነው፣ ነገሩ አልገባውም። «እባካችሁ ስም አንጥራ! ስም አንጥራ!» እያለ ጭራሽ ባሰበት።

አባቴ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ተነስቶ ይወጣል ብዬ ነበር፣ አልወጣም። ቢወጣ ማመን ይሆንበታል። ቀጥ ብሎ ግድግዳውን እያየ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፣ ሰው ሲያጨበጭብ እጁን አውጥቶ አብሮ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንደ ሰው ሁሉ ዞሬ አየሁት። ከዚያ ወደ ጭቃዬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።

«እማዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን አውቃለሁ? ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሆነው። ‹ድካም ነው› አለኝ፣ ድካም ነው ብዬ ተቀበልኩ።» ካውያውን አስቀመጠች። «አንቺስ? ያን ሁሉ ትምህርት ተምረሽ ምኑን አየሽ?»

ምን አየሁ? ፊቱ ሲኮሳተር በእኔ የተቀየመ መስሎኝ እኔም ሳኮርፈው ነበር የከረምኩት። ሲራመድ ቀኝ ክንዱ እንደማይወዛወዝ አላየሁም። በየሳምንቱ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስለ አንጎል እየደሰኮርኩ የገዛ አባቴን ክንድ አላየሁም። አንጀቴ አረረ። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲያርር የማሳርረው ሰው እፈልጋለሁ።

ሰኞ ዕለት አገኘሁ። አባቴ የትምህርት ቤቱን አዲስ የፊት ግድግዳ ሊጽፍ ተስማምቶ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ሜትር ይሆናል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ከላይ፣ ከሥሩ መሪ ቃሉ። ከወር በፊት ጀምሮ ስለዚያ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚያወራው። የመንገዱ ሰው ሁሉ የሚያየው ትልቁ ሥራው ሊሆን ነው። ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰላሉን ተሸክሞ ተመለሰ። ብሩሾቹ እንደተጠቀለሉ ናቸው።

«ምነው አባዬ?»

«በማሽን ሊያሳትሙት ነው። ፕላስቲክ ይለጠፋል አሉ። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሠራው» አለና ንጹሑን ብሩሽ ቀለም እንደነካው ሁሉ በቀለም ማቅጠኛ ማጠብ ጀመረ።

እግሬ እስኪቀጥን ሮጬ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። በር እንኳ አላንኳኳሁም።

«እትዬ፣ አባቴ ምን አጠፋ?»

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ። እኔ አባትሽን ጠልቼ ነው? ከመሰላል ቢወድቅብኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ሠላሳ ዓመት ሲወጣ ሲወርድ ወድቆ ያውቃል?»

«ያኔ አላወቅንም ነበር።»

«አሁንስ ምን አወቃችሁ? ሐኪም አይቶታል? ሐኪም ቤት ሄዷል? በሁለት ቃል ነው እንዴ ሰው የሚቀበረው?»

«ኧረ በሕግ!» አለች፣ እሷም መነጽሯን አውልቃ። «የናንተው ልጅ አይደል እንዴ በማይክ የተናገረው? ወረቀቱን ከእጃችን እየለቀምሽ የወሰድሽው ማን ሆነሽ ነው? አሁን መጥተሽ እኔ ላይ ትጮሂያለሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ!»

ዞሬ ወጣሁ። በሩንም ከኋላዬ በደንብ አድርጌ ደረገምኩት።

ያ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ነጎደ። ልብስ ሰፊዋ የቀለም ቆርቆሮ ከአባቴ እጅ ተቀብላ ራሷ ተሸክማ አደረሰችለት፤ ሕፃን ልጅ ይመስል። ፋርማሲስቱ ጆሮው የማይሰማ ይመስል ጮክ ብሎ «እንዴት! አደሩ! ጋሽ ቀለም!» ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩ አባቴ ሱቅ ድረስ መጥቶ ሳይጠየቅ «እኔ ምንም አላልኩም እኮ» እያለ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። ሁሉም አዘኑለት። ሐዘናቸው እንዴት እንደሚያናድድ! አንዳቸውም ሥራ አላመጡም። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ከመንገድ ሰው ጋር ስጣላ ከረምኩ። ማታ ማታ አባቴ ፊት ስቀርብ ግን ስለ አየሩ ነው የማወራው።

ቅዳሜ ጠዋት የቡድኑ ስብሰባ ነበር፣ ኮሌጁ ውስጥ በሰጡን አንድ ክፍል። ግድግዳው ላይ ልጆቹ የሳሏቸው ቆቦች ተሰቅለዋል፣ መስኮቱ ሥር የደረቁ የጭቃ አንጎሎች ተደርድረዋል። ፕሮፌሰር ለሚረዳን ድርጅት ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ከትከሻው በላይ አነበብኩት። «ስኬቶች» ከሚለው ርዕስ ሥር ሦስተኛው ላይ «በአንድ ተሳታፊ ላይ የበሽታ ቀዳሚ ምልክት ለመለየት ተችሏል» ይላል።

ደሜ ፈላ።

«ስኬት?» አልኩት። «ስኬት ነው ያልከው?»

«ምን ሆንሽ? በጊዜ መታወቁ ጥሩ አይደለም? ሰውየው ሕክምና ቢጀምር...»

«ሰውየው አባቴ ነው!»

ክው አለ። እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ተማሪዎች አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ ጫማውን ማየት ጀመሩ።

«እኔ... አላወቅኩም። ቁጥር ነው እኮ ያለው። ስሙን አንቺ ራስሽ ቆርጠሽው የለ እንዴ?»

«ቆርጫለሁ! አዎ ቆርጫለሁ! አንተ ግን የሰው እጅ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስትተነትን አንዴ እንኳ አላሰብክም? ይሄ ሰውዬ እዚሁ ቁጭ ብሎ እየሰማኝ ቢሆንስ አላልክም? ሐኪም ልትሆን ነው አይደል? ነገ በሽተኛህን እንዲህ ነው የምትነግረው? በማይክ?»

«ፈርሟል እኮ» አለ። ይህን ሲል ድምፁ አልቆ ነበር።

«ፊርማህን ብላው! ወረቀቱን አምጣልኝ።»

«የትኛውን?»

«አሥራ ዘጠኝን! የአባቴን ወረቀት አምጣ፣ አሁኑኑ እዚሁ ፊትህ እቀደዋለሁ።»

ማህደሩን ፈተሸና ሰጠኝ። ከጫፉ ይዤ ለመቅደድ አንድ ጣት ያህል ጀምሬው ነበር። ከዚያ ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ። በሙሉ እስከዚያች ሰዓት አላየሁትም ነበር። መጀመሪያው ደመቅ ብሎ የአባቴ እጅ ነው። ወደ መጨረሻው እያነሰ፣ እየተጠጋጋ፣ ወደ ዓይኔ ካላስጠጋሁት የማይነበብ ሆነ። እንዲህ ይላል፦

«እጄ መስመር ሳይጨርስ ለምን ይደክማል? እናንተ ልጆች ካወቃችሁት፣ ልጄን ሳታስደነግጡ ለብቻዬ ንገሩኝ።»

ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት።

አባቴ ቅዳሜ ሥራውን ዘግቶ አዳራሽ የመጣው እኔን ሊያይ አልነበረም። ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። ሳምንት ጠብቆ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮቱን ለብሶ ፊት ለፊት የተቀመጠው መልሱን ሊሰማ ነው። እኛ ደግሞ ከጥያቄው ጫፍና ጫፉን ቆርጠን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

«አንብበኸዋል?» አልኩት። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

ፕሮፌሰር ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ለካሁት» አለ። «የመጀመሪያው ፊደል አሥራ አራት ሚሊሜትር፣ የመጨረሻው ሦስት። ለካሁት እንጂ አላነበብኩትም።»

እንደዚያን ቀን ሰው በጥፊ ለመምታት እጄ በልቶኝ አያውቅም። ግን በማን ጀምሬ በማን ልጨርስ? ወረቀቱ በመጀመሪያ ያለፈው በእኔ እጅ ነው። «አደራ» ተብዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

«ተነስ» አልኩት። «ኮትህን ልበስ።»

«ወዴት?»

«ተጠይቀሃል። ልትመልስ ነዋ!»

እስከ ሰፈራችን ድረስ ቀድሜው ተራመድኩ። የአባቴ ሱቅ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። የቆርቆሮ በር፣ መደርደሪያ ሙሉ ቀለም፣ የማቅጠኛ ሽታ። አባቴ ፕሮፌሰርን ሲያይ ፊቱ ምንም አልተለወጠም። አሁን ግን ፊቱ ለምን እንደማይለወጥ አውቃለሁ።

«ጋሼ» አለ ፕሮፌሰር፣ «ወረቀትዎን አነበብኩ። ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ለብቻዎ እንድነግርዎ ጠይቀው ነበር።»

አባቴ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አንቺ ውጪ» አለ።

«አባዬ...»

«ውጪ አልኩሽ። ለብቻዬ ነው ያልኩት።»

ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ዘጋው። እኔ፣ ሰው ሲናገር ሳላቋርጥ የማልሰማ ሴት፣ የገዛ አባቴ በር ላይ እንደ ዘበኛ ተገተርኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ አማረኝ፤ ምላሴን ነክሼ ሁለት እርምጃ ራቅሁ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ምንድነው? ደህና አይደለም እንዴ?» አለኝ። «አባቴ እንግዳ አለው። ሂድና የጀመርከውን ጸጉር ጨርስ» አልኩት። ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰውዬ በመስኮት እያየን ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆዩ። ፕሮፌሰር ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሊያናግረኝ ቆም አለና ሐሳቡን ለውጦ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ገባሁ።

«ደህና ልጅ ነው» አለ አባቴ። «ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣብኝ። ሰኞ የሚያየኝን ሐኪም ስም ጽፎልኛል። ጽሑፉ ግን ከእኔም ይብሳል፣ አይነበብም።»

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። «ምን አለህ? ሌላስ ምን አለህ?»

«የኔ ጉዳይ ነው። ስፈልግ እነግርሻለሁ።»

ቱግ አልኩ። «የኔ ጉዳይ ነው? አባዬ፣ ሳምንት ሙሉ ለአንተ ብዬ ከማን ጋር ያልተጣላሁት አለ? ዳይሬክተሯን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ...»

«ለእኔ ብለሽ?» አለ።

አባቴ ጮኾብኝ አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ። የያዘውን የቀለም ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ሲያሳርፈው ሌሎቹ ሁሉ ተንቀጫቀጩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው? አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አንቺም ዞረሽ አየሽኝ፣ ከዚያ ጭቃሽን መጠፍጠፍ ቀጠልሽ! መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ? ዳይሬክተሯን ሰደብሽ፣ ደግ አደረግሽ። ልብስ ሰፊዋን ሰደብሽ። መንገደኛውን ሁሉ ሰደብሽ። እኔ ጋ ስትመጪ ግን ‹ዛሬ ብርድ ነው፣ ነገ ሙቀት ነው›! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ‹አባዬ፣ እጅህ ምን ሆነ?› አልሽኝ?»

«ፈራሁ» አልኩ። እንባዬ መጣ፣ እሱም አናደደኝ። «ምን ብዬ ልጠይቅህ? ‹አዎ፣ ታምሜያለሁ› ብትለኝስ?»

«እኔስ? እኔ አልፈራሁም? ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር ‹ዛሬስ ይታዘዘኝ ይሆን?› እያልኩ ነው የማነሳው። ለእናትሽ ብነግራት እንቅልፍ ታጣለች። ለአንቺ ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ቤት ትቀመጫለሽ። የምነግረው ሰው አጥቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እሱንም አንቺ ቁጥር ሰጠሽው።»

የምከራከርበት ነገር ፈለግሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። አንድም አላገኘሁም። አባቴ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ በትንሹ ይንቀጠቀጣል። ሊደብቀው አልሞከረም። በርጩማውን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ እጁ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።